ከጤና ሙያ ወደ ሞባይል አፕ ሥራ፦ ዱቲ ሳያቋርጡ የሚሻገሩበት መመሪያ

ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ፋርማሲስቶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አፕ መሥራት ተምሬ ሙያ መቀየር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? ሥራዬንስ አሁኑኑ ልልቀቅ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ሙሉውን ቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ።

መመሪያው የተጻፈው አሁንም በሥራ ላይ ላለ፣ ኮምፒዩተር ላይ ከዎርድና ከኤክሴል ያለፈ ነገር ላልሞከረ የጤና ባለሙያ ነው። በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መስጠት የሚችል ሰው፣ ለሌላ ሰው የሚያሳየው አፕ ለማድረስ አንድ ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት አስቦ ይነሳ። ቀጣሪ የሚያምንበት ደረጃ ለመድረስ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የቆሙት በአንድ ነገር ላይ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ በእናቶች ክትትል መዝገብ ላይ የትኛው ሣጥን ለምን ባዶ እንደሚቀር የሚያውቅ ኮድ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የጤና እውቀትዎን ከኋላ ትተው አይሻገሩ፤ ይዘውት ይሻገሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ፦ ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋባይት፣ ቢቻል 16። ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን አረጋግጠው ይግዙ። ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ባትሪው ቢያንስ ሁለት ሰዓት መያዙን እዚያው ሱቁ ውስጥ ይፈትሹ፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ የሚቀጥለው በባትሪው ነው።
- አንድሮይድ ስልክ፦ አሁን የሚጠቀሙበት ይበቃል።
- ዳታ የሚያሳልፍ የዩኤስቢ ገመድ፦ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አይሠራም። ስልኩ ኮምፒዩተሩ ላይ አልታይ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው።
- ኢንተርኔት፦ ከባዱ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ማውረጃው ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ይበቃል።
- ነፃ ሶፍትዌሮች፦ ፍላተርና አንድሮይድ ስቱዲዮ (አፕ መሥሪያ)፣ ቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያ)፣ ጊት (የኮዱን ለውጥ መዝግቦ የሚያስቀምጥ)።
- የጉግልና የጊትሃብ አካውንት፦ ጊትሃብ ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ቦታ ነው።
- ባለ መስመር ደብተርና እርሳስ።
- 25 ዶላር የሚከፍል ካርድ፦ አሁን አይደለም፤ በደረጃ 8 ላይ።

የማይፈለጉትም ይታወቁ። ማክ ኮምፒዩተር፣ በብዙ ሺህ ብር የሚከፈልበት ኮርስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር አያስፈልጉም።

ደረጃ 1፦ ሥራዎን ሳይለቁ ሰዓት ይቁረጡ

የወሩ የዱቲ ፕሮግራም ሲወጣ ከጎኑ የትምህርት ፕሮግራም ይጻፉ። የቀን ዱቲ ባለባቸው ቀናት አንድ ሰዓት፣ ኦፍ በሆኑበት ቀን ሦስት ሰዓት ይመድቡ። ናይት ባደሩበት ቀን ምንም አይመድቡ፤ ይተኙ።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ኮድ መማር የሚጸናው በድግግሞሽ ስለሆነ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ከመቀመጥ በአምስት ቀን ተከፋፍሎ መማር ይሻላል፤ ሳምንት ሙሉ ካልነኩት የተማሩትን መልሶ መማር ይመጣል። ደመወዝ ደግሞ ትዕግሥት ይሰጣል። ሥራ ለቅቆ የሚማር ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ መሠረቱን ሳይጨርስ ወዳገኘው የመጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያ ይሮጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዱቲ ሰዓት ላፕቶፕ አይክፈቱ። በሽተኛ የሚጠብቅበት ሰዓት የእርስዎ አይደለም።

ደረጃ 2፦ አንድ መንገድ ይምረጡና ዓመቱን ሙሉ አይቀይሩ

የምመክረው ፍላተርን ነው። የሚጻፍበት ቋንቋ ዳርት ይባላል። ፍላተር የጉግል ነው፣ ነፃ ነው፣ በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ይሠራል። ኮዱን ሲቀይሩ ለውጡ ስልኩ ላይ ወዲያው ስለሚታይ በትንሽ ጊዜ ለሚማር ሰው ይመቻል።

በፍላተር ምትክ ኮትሊን የተባለውን የአንድሮይድ ቋንቋ የሚመርጡበት አንድ ጥሩ ምክንያት አለ። ጤና ተቋማችን ሪፖርት የሚልክበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የአንድሮይድ አፕ አለው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚጻፈውም በኮትሊንና በጃቫ ነው። በእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ላይ መሥራት ከወዲሁ ዓላማዎ ከሆነ በኮትሊን ይጀምሩ። ካልሆነ ፍላተር ይበቃል።

ከመረጡ በኋላ «ሪአክት ኔቲቭ ይሻላል» የሚል ቪዲዮ ሲያዩ አይነሱ። የመጀመሪያውን ቋንቋ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሁለተኛውን በጥቂት ሳምንት ይለምዳል፤ ሦስት ቋንቋ የጀማመረ ሰው ግን አንዱም አይኖረውም።

ደረጃ 3፦ ላፕቶፑንና ስልኩን ያገናኙ

1. ፈጣን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ሆነው አንድሮይድ ስቱዲዮን፣ ፍላተርን፣ ቪኤስ ኮድንና ጊትን ያውርዱና ይጫኑ። ዲስኩ ላይ ቢያንስ 30 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ይተዉ።
2. በኮምፒዩተሩ ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ «ፍላተር ዶክተር» የተባለውን ትእዛዝ ያስኪዱ። የጎደለውን ዘርዝሮ ይነግርዎታል፤ አንድ በአንድ ያሟሉ።
3. ስልኩ ላይ ሴቲንግ ገብተው «ስለ ስልኩ» የሚለውን ይክፈቱ። «የቢልድ ቁጥር» የሚለውን 7 ጊዜ ይንኩ። የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ።
4. እዚያ ውስጥ «የዩኤስቢ ዲበጊንግ»ን ያብሩ፤ ገመዱን ይሰኩ፤ ስልኩ ሲጠይቅዎ ይፍቀዱ።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚከፈተውን ምናባዊ ስልክ ትተው እውነተኛ ስልክ እንዲጠቀሙ የምመክረው 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ምናባዊውን ስለማይችለው ነው፤ ይንቀራፈፋል። ደግሞም ተጠቃሚዎ የሚይዘው እውነተኛ ስልክ ነው፤ ፀሐይ ላይ ጽሑፉ መነበብ አለመነበቡን ምናባዊው አያሳይዎትም።

ደረጃ 4፦ መሠረቱን በሚያውቁት ስሌት ይማሩ

በዚህ ደረጃ የሚማሩት አምስት ነገር ነው። እነሱም ተለዋዋጮች፣ ሁኔታዎች፣ ድግግሞሽ፣ ፈንክሽንና ዝርዝር ናቸው። የትሪያጅ ፕሮቶኮል ያነበበ ሰው ሁኔታዎችን ያውቃል፤ «ይህ ምልክት ካለ ወደ ቀይ፣ ከሌለ ቀጣዩን ይጠይቁ» ማለት በዳርትም ያው ነው።

ለትምህርቱ ነፃ አማራጮች አሉ። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ መሠረትንና የአንድሮይድ መነሻ ኮርስን በኢንተርኔት ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀትም አለው። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ የሃርቫርድ ሲኤስ50 አለ፤ ከባድ ነው፣ ግን ማሰብ ያስተምራል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። አንዱን ብቻ ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይሂዱ።

ኮርሱ የሚሰጥዎት መልመጃ ስለ ፒዛ ማዘዣ ወይም ስለ ጨዋታ ይሆናል። ይሥሩት፤ ግን ከጎኑ ከሥራዎ የመጣ መልመጃ ይጨምሩ። በጣም የምወደውና ለሁሉም የምሰጠው የመውለጃ ቀን ስሌት ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ይመስላል፣ ውስጡ ግን አንድ ጀማሪ ማወቅ ያለበትን ሁሉ ይዟል።

አዋላጆች ደንቡን ያውቁታል። በእኛ አቆጣጠር ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። በመካከል ጳጉሜ ካለፈች 9 ወር ከ5 ቀን፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች 9 ወር ከ4 ቀን። ድምሩ ሁልጊዜ 280 ቀን ነው። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ለኮምፒዩተር ሲነገር፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ማለት ነው። 2015 እንደዚያ ነበር።

አሁን በሁለት መንገድ ይሥሩት። መጀመሪያ ደንቡን እንዳለ በኮድ ይጻፉ። ቀጥሎ ቀኑን ወደ ጠቅላላ የቀን ብዛት ቀይረው 280 ደምረው መልሰው ወደ ቀን ይለውጡ። ከዚያ ሁለቱን በእነዚህ ይፈትኑ፦

- መስከረም 10፣ 2017 → ሰኔ 20፣ 2017
- የካቲት 20፣ 2016 → ህዳር 25፣ 2017
- የካቲት 20፣ 2015 → ህዳር 24፣ 2016
- ህዳር 25፣ 2017 → ጳጉሜ 5፣ 2017
- ጳጉሜ 3፣ 2016 → ሰኔ 8፣ 2017

የመጀመሪያው መንገድ አራተኛው ላይ ይሰናከላል፤ አምስተኛው ላይም ሊሰናከል ይችላል። ህዳር 25 ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ሲጨምሩ ኮዱ «ነሐሴ 35» ይልዎታል። ጳጉሜ 3 ላይ ሲጨምሩ ደግሞ፣ ጳጉሜ እንዳለፈች ካልቆጠረ የማይኖር ወር ሊያወጣ ይችላል። ሰው በእጁ ሲሠራ ሳያስበው የሚያስተካክለውን፣ ኮምፒዩተር ካልተነገረው አያስተካክለውም። ሁለተኛው መንገድ ግን በአምስቱም ይሠራል። ይህን በገዛ እጁ ያየ ሰው፣ ከመጻፍ በፊት የፈተና ምሳሌ ማዘጋጀት ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

ፋርማሲስት ከሆኑ በዚሁ ምትክ የቢን ካርድን ይሥሩ። የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ ሂሳብ፤ ከዚያም የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ ዝርዝሩን መደርደር። የላብራቶሪ ባለሙያ ከሆኑ ውጤቱ ከመደበኛው ወሰን ሲወጣ ምልክት የሚያደርግ ዝርዝር ይሥሩ።

ወደ ቀጣዩ የሚሻገሩት ባዶ ገጽ ከፍተው፣ ቪዲዮ ሳያዩ፣ ከላይ ካሉት አንዱን መጻፍ ሲችሉ ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን አፕ ከወረቀት ይምረጡ

በሥራ ቦታዎ ያሉትን የወረቀት ቅጾች ይዘርዝሩ፤ የዱቲ ፕሮግራም፣ የርክክብ ደብተር፣ ቢን ካርድ፣ የክትባት ቀጠሮ፣ የመሣሪያ ርክክብ። ከእነዚህ በሦስት መስፈርት አንዱን ይምረጡ፦ በሦስት ወይም በአራት ገጽ የሚያልቅ፣ የበሽተኛ ስም የማይፈልግ፣ ቢሳሳት ሰው የማይጎዳ።

ለብዙዎች የምመክረው የዱቲ ፕሮግራም ነው። ማን መቼ ናይት እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀያየረ፣ ነገ ማን እንደሚገባ። የበሽተኛ መረጃ የለበትም፣ ባልደረቦችዎ ሁሉ ያስፈልጋቸዋል፣ ሲበላሽም የሚመጣው ቅሬታ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ አፕ የመጀመሪያ ሥራዎ አይሁን። ምክንያቱን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። የፓራሲታሞል ሽሮፕ አንዱ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም፣ ሌላው 250 ሚሊግራም ይይዛል። አፑ ሚሊግራሙን በትክክል አስልቶ የሽሮፑን ጥንካሬ ሳይጠይቅ ሚሊሊትር ከነገረ፣ ሕፃኑ እጥፍ ይወስዳል። ጀማሪ የጻፈው ኮድ እንዲህ ዓይነት ክፍተት አያጣም፤ ስለዚህ ቆይቶ፣ የሚገመግም ሰው ሲኖር ይሠራል። ምርመራ የሚያደርግ አፕም እንዲሁ።

ደረጃ 6፦ ይሥሩት

በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ገጾቹን በደብተር ይሳሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ ወዴት እንደሚወስድ በቀስት ያሳዩ። ስዕሉን ለሁለት ባልደረቦችዎ አሳይተው «ናይት ለመቀያየር የትኛውን ትነካለህ?» ብለው ይጠይቁ። ከተሳሳቱ ጥፋቱ የስዕሉ ነው። በእርሳስ ማስተካከል ደቂቃ ይፈጃል፤ በኮድ ማስተካከል ቀናት ይፈጃል።

2. መረጃው መጀመሪያ ስልኩ ውስጥ ይቀመጥ። ለዚህ ኤስኪውላይት የተባለውን የመረጃ ቋት ይጠቀሙ። ኔትወርክ በማይደርስበት ጤና ጣቢያ ወይም ወፍራም ግድግዳ ባለው ዎርድ ውስጥ አፑ «በመጫን ላይ» እያለ የሚቆም ከሆነ ሰው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። ወደ ኢንተርኔት መላክ በኋላ የሚጨመር ነገር ነው፤ ያኔ ፋየርቤዝ የተባለው የኢንተርኔት መረጃ ማከማቻ በነፃ ደረጃው ለመጀመሪያ ይበቃል።

3. ቀኑን በሁለት ልብስ ይያዙት። በመረጃ ቋቱ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀምጡ፤ ለተጠቃሚው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳዩ። ስሌቱና ቅደም ተከተሉ የሚቀልለው እንደዚያ ነው፤ ሌላ ሥርዓት መረጃውን ቢፈልግም ይረዳዋል። ለዳርት «አቡሻክር» የተባለ ነፃ ጥቅል (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) አለ፤ ቀን ይቀይርልዎታል። ከፍላተር ጋር የሚመጣው የቀን መምረጫ ግን በራሱ የሚያሳየው የፈረንጁን ስለሆነ፣ በምትኩ ቀን፣ ወርና ዓመት ለየብቻ የሚመረጡበት ሦስት ዝርዝር ይሥሩ። 13ኛውን ወር አይርሱ።

4. ሰዓቱን ግልጽ ያድርጉ። «2 ሰዓት» ሲባል የጠዋቱ ነው የማታው? ስልኩ የሚያውቀው 8 ሰዓትንና 20 ሰዓትን ነው፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ብቻውን በፍጹም አይታይ፤ «ጠዋት 2፡00» ወይም «ማታ 2፡00» ተብሎ ይጻፍ። ዱቲ የሚቀየረው በሁለቱም 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ አፑ እዚህ ከተሳሳተ ዎርዱ ያለ ሰው ይቀራል።

5. የአማርኛ ፊደሉን ከአፑ ጋር ይላኩ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው። ርካሽና የቆዩ ስልኮች ላይ ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ስላለ በስልኩ ፊደል ላይ አይተማመኑ። የፈልግ ቁልፍ ካለ ደግሞ «ሀ»ን፣ «ሃ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ንና «ኃ»ን፣ «ሰ»ንና «ሠ»ን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ያድርጉ፤ አለዚያ «ሀይሉ» ብሎ የጻፈ «ኃይሉ»ን አያገኘውም።

6. የማይሆን ነገር አያስገባ። የሕፃን ክብደት 350 ኪሎ ሲጻፍ አፑ ይከልክል። በወረቀት ላይ ሲሆን ያየው ሰው ያርመዋል፤ አፕ ውስጥ የገባ ስህተት ግን እንደ እውነት ይቆጠራል።

7. በየቀኑ በጊት ያስቀምጡና ወደ ጊትሃብ ይላኩ። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ዲስክ ይቃጠላል፣ መብራት በመካከል ይጠፋል። ደግሞም ቀጣሪ በኋላ የሚያየው ይህንኑ የየዕለት ታሪክ ነው።

ኮድ የሚጽፉ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎችን መጠቀም ይቻላል፤ አንድ ደንብ ግን ይኑርዎት። መስመር በመስመር ማብራራት የማይችሉትን ኮድ አያስገቡ። የጳጉሜን ስሌት ጠይቀው ያገኙትን መልስ ከላይ ባሉት አምስት ምሳሌዎች ሳይፈትኑ አይቀበሉ።

ደረጃ 7፦ የበሽተኛን መረጃ ይጠብቁ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ መረጃ አድርጎ ይመድበዋል። ከአዋጁ በፊትም የሙያ ሥነ ምግባሩ ያው ነበር።

- ለሙከራ የሚያስገቡት ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ሁሉ የፈጠራ ይሁን። «አልማዝ ሙከራ፣ 00001» ይበቃል።
- የቻርት ወይም የመዝገብ ፎቶ አንስተው እርዳታ ለመጠየቅ ቴሌግራም ላይ አይልኩ። ስሙ ቢሸፈንም አይልኩ፤ ቀኑ፣ ቀበሌውና ምርመራው ተደምረው ሰውየውን ያሳውቃሉ።
- በተቋምዎ ውስጥ መሞከር ከፈለጉ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። የኃላፊው የቃል «እሺ» ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።
- የፋየርቤዝ የሙከራ ደንብ መረጃውን ለማንም ክፍት አድርጎ ይጀምራል። ከሌላ ሰው ጋር ከመጋራትዎ በፊት ይዝጉት።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ይህ ጉዳይ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 በወጣው ሂፓ በተባለው ሕግ ይሸፈናል፤ አውሮፓ ላሉ ጂዲፒአር በተባለው የዳታ ጥበቃ ሕግ። ሁለቱም ከባድ ቅጣት አላቸው።

ደረጃ 8፦ ለሰው ያድርሱ

መጀመሪያ የአፑን ፋይል ለአምስት ባልደረቦች በቀጥታ ልከው ያስጭኑ። ከጎናቸው ቆመው ሲጠቀሙ ይመልከቱ፤ መንገድ አያሳዩዋቸው፣ አያብራሩላቸው። እጃቸው የሚቆምበትን ቦታ ይጻፉ። ያ ዝርዝር የሚቀጥለው ወር ሥራዎ ነው።

ከዚያ ወደ ጉግል ፕሌይ ይሂዱ። ምዝገባው 25 ዶላር ነው፤ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለውጭ አገር ክፍያ የሚያገለግል ካርድ ያስፈልጋል፤ ባንክዎን አስቀድመው ይጠይቁ። የአፕል ምዝገባ ግን በየዓመቱ 99 ዶላር ነው፤ ማክ ኮምፒዩተርም ይፈልጋል፤ ለጊዜው ይቆይ።

ሰው ሳያውቅ የሚሰናከልባቸው ሁለት ደንቦች አሉ። አንደኛ፣ በግል ስም የተከፈተ አዲስ አካውንት አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለተከታታይ 14 ቀን በዝግ ሙከራ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ስለዚህ 12 ሳይሆን 18 ያህል ሰው ይጋብዙ፤ የሚወጣ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ የሕክምና አፕ የሚያወጣ በድርጅት አካውንት መመዝገብ አለበት፤ በግል አይፈቀድም። የዱቲ ፕሮግራምን ለመጀመሪያ ሥራ የመረጥኩት ለዚህም ነው። ከዚህ ሌላ የግላዊነት መግለጫ ገጽ፣ የዳታ ደኅንነት ቅጽና የጤና አፕ ማሳወቂያ ቅጽ ይሞላሉ፤ የጤና ነገር ባይኖርበትም ቅጹ ይሞላል።

አፑ የእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የፊርማ ቁልፍ ፋይልና የይለፍ ቃሉን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ጊትሃብ ላይ ግን አያስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ በድልድይ ሥራ ይሻገሩ

ከዎርድ በቀጥታ ወደ አፕ ሠሪነት የሚገባ አለ፤ ግን ቀላሉ መንገድ በመካከል ያለው ሥራ ነው። የዲኤችአይኤስ 2 ድጋፍ፣ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ትግበራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ኢቺስ በተባለው የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ላይ ማሠልጠን፣ የጤና አፕ ፈታኝነት። እነዚህ ቦታዎች ክሊኒኩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ኮድ ማንበብ መቻልዎ ተጨማሪ ነው። ገብተው ከፕሮግራመሮቹ ጋር አንድ ክፍል ሲሠሩ ቀጣዩ እርምጃ ያጥራል። በሆስፒታልዎ ውስጥ የጤና መረጃ ክፍል ካለ ከዚያ ይጀምሩ፤ ሲስተሙ ሲበላሽ የሚጠሩት እነሱ ናቸው፣ ረዳትም ይፈልጋሉ። ወረቀት ለሚፈልግ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት ሁለቱን ሙያ ያገናኛል።

አሜሪካ ውስጥ በነርስነት የሚሠሩ ከሆነ አሁን ባሉበት ሆስፒታል ውስጥ የክሊኒካል ኢንፎርማቲክስ ክፍል መኖሩን ይጠይቁ። ከውስጥ መዛወር ከውጭ ከማመልከት ይቀላል።

ሲቪ ሲጽፉ የጤና ልምድዎን ወደ ታች አይግፉት። «ነርስ፣ ፍላተር ገንቢ» ብለው ይጀምሩ። ቀጥሎ የአፑን ማገናኛ፣ የጊትሃብ ገጽዎን፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ያስቀምጡ። ኤችኤል7 ፋየር የተባለውን የጤና መረጃ መለዋወጫ ደረጃ መሠረቱን ቢያውቁ ከሌሎች አመልካቾች ይለያሉ፤ «ታካሚ»፣ «ምልከታ»፣ «ክትባት» እያለ የሚከፋፍለው እርስዎ በየቀኑ የሚሞሉትን ቻርት ስለሆነ አይከብድዎትም።

የሙያ ፈቃድዎን አያስቃጥሉ። እድሳቱ ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጋር የተያያዘ ነው፤ ከሥራ ቢወጡም ሲፒዲዎን ይቀጥሉ። ፈቃድ ያለው ገንቢ በጤና ፕሮጀክት ውስጥ ቃሉ ይሰማል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝም የሚመለሱበት በር ክፍት ይቆያል።

ሥራ የሚለቁት የተፈረመ ውልና የስድስት ወር ወጪ በእጅዎ ሲኖር ነው። የፕሮጀክት ውል ብዙ ጊዜ በገንዘብ ሰጪው ዘመን ስለሚወሰን የሚያልቅበትን ቀን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ቪዲዮ ማየትን እንደ መማር መቁጠር። ቪዲዮው ሲያልቅ ዘግተው ያንኑ ከባዶ መጻፍ ካልቻሉ አልተማሩትም፤ መልሰው ይሥሩት።

- በቴሌሜዲሲን መጀመር። ሐኪም፣ ፋርማሲ፣ ክፍያና ቪዲዮ ያለበት አፕ የቡድን ሥራ ነው። ብቻውን የጀመረው ሰው በመግቢያ ገጹ ላይ ይቀራል።

- ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ መደንገጥ። የስህተት መልእክቱ የት መስመር ላይ ምን እንደጎደለ ይናገራል። የመጀመሪያውን መስመር ያንብቡ፣ ቁጥሩን ይመልከቱ፣ ከዚያ ይፈልጉ።

- ሁሉንም ቅጽ እንዳለ ወደ ስልክ መገልበጥ። ወረቀቱ ላይ ያሉት 40 ሣጥኖች ሁሉ ስልክ ላይ አይመቹም። የትኞቹ በእርግጥ እንደሚሞሉ፣ የትኞቹ ለሪፖርት ሲባል በመጨረሻ እንደሚሞሉ እርስዎ ያውቃሉ፤ ያንን እውቀት እዚህ ይጠቀሙበት።

- ብቻውን መቆየት። አዲስ አበባ ያሉ የጉግል ዴቨሎፐር ግሩፕን ስብሰባ ይከታተሉ፤ ክልል ያሉ በአቅራቢያቸው ካለ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ጋር ይጣመሩ። ተማሪው ኮድ ያነብልዎታል፤ እርስዎም እሱ የሌለውን እውነተኛ ችግር ይሰጡታል።

- ዋጋ ሳይነጋገሩ ለተቋም መሥራት። «ለሙከራ ነው» ተብሎ የተጀመረ አፕ በሦስተኛው ወር ሁሉም የሚደገፍበት ይሆናል፤ በሌሊት ሲቆም የሚደወለውም ለእርስዎ ነው። ማን እንደሚጠግን፣ በምን ክፍያ፣ ኮዱ የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ይጀመር።